የጨለማው ክፍል ቀይ መብራት

ኢንስፔክተሯ ከጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ የደረሰችው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ነበር። የፍተሻ አዳራሹ እስከ ጣሪያው ድረስ በካርቶን ተሞልቷል፤ ሥራ የያዘ ሰው ግን አንድም የለም። ሠራተኛው ሁሉ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው ጠባብ ኮሪደር አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ከኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ጥቁር በር አለች። በሯ ላይ «ፊልም እየተፈተሸ ነው፤ መክፈት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል።

«ይግቡ፤ ከእንግዲህስ ማን ይከለክላል» አሉ የቅርንጫፉ ኃላፊ፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

ከበሩ ቀጥሎ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ቀጥሎ ደግሞ መስኮት የሌላት ክፍል። ከጣሪያዋ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ አምፖል ትበራለች። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ የራጅ ፊልም ካርቶን ተቀምጧል፤ ከጎኑ ዝርግ የፊልም ቅጠሎች ተደርድረዋል። ከድንጋዩ መታጠቢያ ሥር ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቀጭን ሰው በጎኑ ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። የመታጠቢያው ጠርዝ ደም ነክቶታል፤ ወለሉም እርጥብ ነው።

«አዳልጦት ከጠርዙ ጋር ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ሰው መትቶትም ሊሆን ይችላል። እዚህ ቆሜ አልምልም።»

«መቼ ሞተ?»

«ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ። ከዚያ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አስተካክላ ተንበረከከች። ሟቹን በቀስታ ስታገላብጠው ከሥሩ የእንጨት ማስመሪያ ወጣ። ማስመሪያው በየሴንቲሜትሩ በቢላ ተቆርጦ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። ከፊት ለፊቷ ግድግዳ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ የብረት ማስመሪያ ከምስማር ላይ ተሰቅሏል። የሟቹን የደረት ኪስ ዳበሰች። መነጽሩ በማኅደሩ ውስጥ ነው፤ ጭረት እንኳን አላገኘውም።

«መነጽር ሁልጊዜ ያደርግ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ያለ መነጽሩ የራሱን ስም አያነብም!» አሉ ኃላፊው። «ሃያ ስድስት ዓመት የታሪፍ መዳቢያችን ነበር። ዕቃው ምን እንደሆነ ለይቶ፣ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ስንት ቀረጥ እንደሚከፈልበት የሚወስነው እሱ ነው። ሚሊሜትር እንለው ነበር። አንዲት ሚሊሜትር አያሳልፍማ!»

«ይህ ክፍልስ?»

«ፊልም እንደ ሌላው ዕቃ አይደለም፤ ብርሃን ካየ አለቀለት። ታሪፉ ደግሞ ይለያያል። ለሆስፒታል የሚገባ የራጅ ፊልም ከቀረጥ ነፃ ነው። የፎቶግራፍ ፊልም ግን እንደ ዓይነቱና እንደ ስፋቱ ከባድ ቀረጥ አለበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምነን ብንለቅ ነገ ሁሉም ሰው ራጅ ነው ብሎ ያስገባል። ስለዚህ እዚህ ገብቶ በእጁ ከፍቶ ያረጋግጣል። ዛሬም አንድ ዕቃ አስለቃቂ ትራንዚተር ለአንድ ሆስፒታል ያስመጣቸውን አርባ ካርቶን የራጅ ፊልም ነበር የያዘው። ሆስፒታሉ ቶሎ ልቀቁልን እያለ ስልካችንን አቃጥሎታል።» ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይኸውልዎ ኢንስፔክተር፣ ነገሩ አደጋ ነው። ያለ ነገር ባናንዛዛው ጥሩ ነው።»

«እርስዎ ዛሬ መጥተውበት ነበር?»

ኃላፊው ወደ በሩ ጠቆሙ። «አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ። በሩን ገርበብ አድርጌ ‹የራጁ ፊልም እንዴት ሆነ?› አልኩት። ከመጋረጃው ወዲያ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ‹ዝጋ! ገና ነኝ!› ብሎ ጮኸብኝ። አለቃው ነኝ እኮ!»

«ድቅድቅ ጨለማ አሉኝ?»

«እጄንም አላየሁም።»

ኢንስፔክተሯ የእንጨቱን ማስመሪያ በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች።

ከኮሪደሩ አፍ ላይ አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ከወንበራቸው ተቀምጠዋል። ወደዚያች በር ሌላ መንገድ ስለሌለ ያለ እሳቸው ዕውቅና ዝንብም አታልፍም። የገባና የወጣ የሚመዘግቡበትን ደብተር እንደ ጡት ልጅ ታቅፈውታል።

«አባት፣ ከአምስት ሰዓት ወዲህ ማን ማን ገባ?»

«ሦስት ሰው ነው ልጄ። አምስት ከአሥር ላይ አለቃችን። አምስት ከሃያ አምስት ላይ የመጋዘን ኃላፊው ካርቶን ተሸክሞ ገባ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ ካርቶኑን ይዞ ወጣ። አምስት ከአርባ አምስት ላይ ፊልሟ እዚህ የተያዘባት የፎቶ ቤት ባለቤት መጣች። እሷማ ኮሪደሩን በጩኸት አናጋችው! ከዚያ እስከ ስድስት ተኩል ማንም የለም። ስድስት ተኩል ላይ አለቃችንና የመጋዘኑ ኃላፊ ለምሳ ሊጠሯቸው አብረው ገቡና ሞተው አገኟቸው።»

«ይህን ማስመሪያ ያውቁታል?»

አዛውንቱ ማስመሪያውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠው ነው የጠረቡት። በጨለማ የሚለኩበት ነው፤ ጥርሱን በጣታቸው እየቆጠሩ። መብራት ሲኖር የብረቱን ነው የሚያነሱት። ‹ይሄ የዕውር ማስመሪያዬ ነው› እያሉ ይቀልዱ ነበር።»

የመጋዘን ኃላፊው የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው። ከቀበቶው ላይ የቁልፍ ዘለላና የሣጥን መክፈቻ ብረት አንጠልጥሏል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ለሟቹ ሠራተኛ ብቻ አልነበረም፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እናትና አባቱ ሲሞቱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደጉት እህቱና ሟቹ ናቸው፤ ሥራም ያስገባው ሟቹ ነው።

«ጋሼ አባቴ ማለት ነው» አለ። «እህቴን እንዴት ብዬ ዓይኗን አያለሁ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩት ምን ያደርግ ነበር?»

«ሥራውን ነዋ። የራጁን ካርቶን አደረስኩለት። በቀይዋ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ ፊልሙን እየለካ ነበር። ቀና ብሎ ከመነጽሩ በላይ አየኝና ‹በሩን ዝጋ› አለኝ። ወጣሁ። በቃ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ከእኔ በኋላ የገባችውን ለምን አትጠይቋትም? ጠዋት በሰው ፊት ‹አንተን ሳልቀብር አልሞትም› ስትለው አዳራሹ በሙሉ ሰምቷል።»

የፎቶ ቤቷ ባለቤት አምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጣቶቿ በፊልም ማጠቢያ መድኃኒት የበለዙ ሴት ናት። ከካርቶኖቿ አንዱ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣ ይዛለች።

«ብያለሁ፤ አልክድም» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ከወንድሜም ጋር እንዲያ ነው የምነጋገረው። ምላሴ እንጂ እጄ ሰው አይጎዳም።»

«ለምን አሉት?»

«ፊልሜ በስፋቱ ከዝቅተኛው ታሪፍ ሁለት ሚሊሜትር ይበልጣል ብሎ ወደ ከፍተኛው ወረወረብኛ! እኔ ደግሞ፣ ጥቅሉ ከጀርባው የተለበደ ወረቀት አለው፣ የለካኸው ወረቀቱን ነው፣ ፊልሙ ከወረቀቱ ይጠባል አልኩት። ‹እንደገና አያለሁ› አለኝ። አምስት ከአርባ አምስት ላይ መልስ ልጠይቀው ሄድኩ። ጠራሁት፣ ዝም አለ። ናቀኝ ብዬ ጮኽኩበት፤ አሁንም ዝም። በሩን ግን አልነካሁም።»

«ያን ያህል ተናደው በሩን አልከፈቱም?»

ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አየቻት። «የኔ እመቤት፣ ውስጥ ፊልም ተከፍቶ ይሆናል። ንዴት ሌላ፣ ፊልም ሌላ! የጠላቴንም ፊልም ቢሆን አላቃጥልም።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ከአጠገቧ ተቀመጠች። «እስቲ ያስተምሩኝ። ቀይ መብራት ፊልም አይጎዳም አይደል?»

«እንደ ፊልሙ ነው። ይሄ ሰዎቹ ያስመጡት ዓይነት የራጅ ፊልም ቀይ መብራት አይነካውም። የቀለም ፊልም ከሆነ ግን ቀይም ቢሆን፣ ክብሪትም ቢሆን መርዝ ነው። በድፍን ጨለማ ብቻ ነው የሚነካው። ሚሊሜትር ይህን ከእኔ እኩል ያውቃል።»

«ውሃስ? ፊልም ሲፈትሽ ውሃ ይከፍታል?»

«እኮ በምን ሥራው! እርጥብ ጣት ያልታጠበ ፊልም ላይ ካረፈ አሻራው አይለቅም። ፊልም የሚከፍት ሰው እጁን እንደ ዱቄት ነው የሚያደርቀው።»

ኢንስፔክተሯ በመሐረብ የጠቀለለችውን ማስመሪያ ጥርሶች በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ብድግ ብላ አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠራችና በጆሮው አንሾካሾከችለት። ፖሊሱ ከመጋዘን ኃላፊው ቁልፍ ተቀብሎ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ወደ መጋዘኑ ሄደ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሊከተለው ሲነሳ «እርስዎ ይቀመጡ» አለችው፤ «ሐዘንተኛ ነዎት፣ አይድከሙ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፖሊሱ አንድ ካርቶን ተሸክሞ ተመለሰ። ላዩ ላይ «የራጅ ፊልም» ተብሎ ታትሟል። ማሸጊያው ተቀዶ በአዲስ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ከታችኛው ረድፍ፣ ከሁሉም ጀርባ ተወሽቆ አገኘነው» አለ።

«ይከፈትና ይታይ!» አሉ ኃላፊው እጃቸውን ሰንዝረው።

«እዚህ አይከፈትም። እትዬ፣ ከእኔ ጋር ይግቡ» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ፎቶ ቤቷ ባለቤት ዞራ።

«እንዴት ይሆናል! ተጠርጣሪ ናት እኮ!» አሉ ኃላፊው።

«ፊልም በጣቱ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት የቀረው እሷ ብቻ ናት።»

አስከሬኑ ተነስቷል፤ የደሙ ሽታ ግን አልለቀቀም። ኢንስፔክተሯ በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ቀዩን መብራት አጠፋች። ጨለማው ዓይንን እንደ ጨርቅ ሸፈነው። ነፍስ አጥፍታ ሊሆን ከምትችል ሴት ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መሆኗ ያን ጊዜ ነው የታወቃት። የፕላስተር መቀደድ፣ የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ ከዚያም የሴትዮዋ ትንፋሽ ይሰማታል።

ሴትዮዋ «ማርያምን!» አለች ከአጠገቧ። «እጅሽን ስጪኝ።»

ቀዝቃዛ ጣት እጇን ፈልጎ አገኛትና ጠባብ የሚንሸራተት ነገር ላይ አሳረፈላት።

«ይሄ ዝርግ ቅጠል አይደለም፤ ጥቅል ነው። ጠርዝና ጠርዙን ዳስሺው። ምን አለ?»

«ቀዳዳ። የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች።»

«የካሜራ ፊልም ነው። የራጅ ፊልም ቀዳዳ የለውም።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን ለማስተካከል እጇን ወደ ፊቷ ስትሰድ ድንገት ቆመች። መነጽሯን ቀድሞውኑ አውልቃ ኪሷ ከታዋለች። በጨለማ ምን ሊያደርግላት!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በፍተሻ አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የሟቹ ሚስት መጥታ ከወንድሟ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እጁን በሁለት እጇ ይዛለች። ኃላፊው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሐኪሙ ከጎናቸው ቆሟል። የፎቶ ቤቷ ባለቤት ከሁሉም ራቅ ብላ ተቀምጣለች። አዛውንቱ ጥበቃ ደብተራቸውን እንደታቀፉ በሩ ላይ ቆመዋል።

«መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር የገጠመ መሰለኝ» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «የራጅ ፊልም፣ ቀይ መብራት፣ እርጥብ ወለል፣ የወደቀ ሰው። እንከን የለውም። ያልገጠመው ሟቹ ራሱ ነው። ከሥሩ የወጣው በጨለማ የሚለካበት ማስመሪያ ነው፤ የብረቱ ከግድግዳው አልወረደም። ያለ መነጽሩ ስሙን የማያነብ ሰው መነጽሩን ከማኅደሩ ከቶ ነበር። ይህ ሰው ሲሞት በቀይ መብራት እየሠራ አልነበረም። በድፍን ጨለማ ውስጥ ነበር።»

«መብራቱ በርቶ ነው ያገኘነው እኮ» አሉ ኃላፊው።

«ስለዚህ ያበራው ሌላ ሰው ነው። አሁን ሟቹ በጨለማ ምን ይሠራ ነበር? የራጅ ፊልም ቢሆን ኖሮ ቀዩን መብራት አብርቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በብረቱ ይለካ ነበር። በጨለማ የዳሰሰው ቀይ መብራት የሚያጠፋውን የቀለም ፊልም ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ያ ፊልም አልነበረም። መብራቱን ያበራው ሰው ወስዶ በምትኩ እውነተኛ የራጅ ፊልም አስቀምጦበታል። አባት፣ የመጋዘን ኃላፊው ሲገባ ምን ይዞ ነበር?»

«ካርቶን።»

«ሲወጣስ?»

አዛውንቱ ደብተራቸውን ገለጡ። «ካርቶን» አሉ በመጨረሻ። «አንድ አስገባ፣ አንድ ይዞ ወጣ።»

የመጋዘን ኃላፊው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ባዶ ካርቶን ነው የያዝኩት። ከእኔ በኋላ ገብታ የጮኸችው እሷ ናት።»

«በሩን ሳትከፍት ነው የጮኸችው፤ ያን ጊዜ የሚመልስላት ሰው አልነበረም። ደግሞስ የራጁን ካርቶን ከየት ታመጣዋለች? የመጋዘኑ ቁልፍ የነበረው እርስዎ ወገብ ላይ ነው።» ኢንስፔክተሯ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ለእኔ ሲነግሩኝ ‹ከመነጽሩ በላይ አየኝ› አሉኝ። ማንም ሳይጠይቅዎት። ሁልጊዜ እንዲያ ስለሚያይዎት ከልማድ አውጥተው ነው የተናገሩት። ዛሬ ግን መነጽሩ ከኪሱ አልወጣም። ወለሉን ያረጠበውም እሱ አይደለም፤ ፊልም የሚነካ ሰው ውሃ አይከፍትም። ውሃ የከፈተው የሚያጥበው ነገር የነበረው ሰው ነው። የመታጠቢያው ጠርዝ ደም የተቀባውም አዳልጦት የወደቀ እንዲመስል ነው።» እጇን ወደ ቀበቶው ጠቆመች። «ያን የሣጥን መክፈቻ ብረት ይስጡኝ። ከመያዣው ሥር፣ ውሃው ባልደረሰበት ቦታ ምን እንዳለ ሐኪሙ ያይልናል።»

የሟቹ ሚስት የወንድሟን እጅ እንደያዘች ነው።

«ማሙሽ?» አለችው በቀስታ።

ሰውየው ብረቱን ከቀበቶው ፈታ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የላይኞቹ ካርቶኖች እውነተኛ ራጅ ናቸው፤ የታችኞቹ አይደሉም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለፍተሻ ሁልጊዜ የላይኛውን ነበር የማቀርብለት። ትራንዚተሩ ከድርጅቱ ድርሻ እሰጥሃለሁ፣ የራስህ ሰው ትሆናለህ ብሎኝ ነበር። ዛሬ መጋዘኑን ከፍቼ ዞር ስል ጋሼ ሳይነግረኝ ራሱ ገብቶ ከታች መዞ ወሰደ። እውነተኛውን ይዤ ሮጥኩ። በጨለማው ውስጥ ለመንኩት። ልለውጠው መብራቱን ሳበራ...»

«ሲያበሩስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«‹ፊልሙ! ፊልሙ!› ብሎ በደረቱ ሊሸፍነው ጎንበስ አለ። በኮንትሮባንድ የገባ ፊልም እኮ ነው! ለእሱም አዘነለት።» ብረቱን አየ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።»

የፎቶ ቤቷ ባለቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኃላፊው ሰዓታቸውን ማየት ትተዋል። ፖሊሱ ትራንዚተሩን ለማስያዝ ወደ ስልኩ ሄደ።

ኢንስፔክተሯ ከሟቹ ጠረጴዛ ያመጣችውን አንድ ወረቀት ለፎቶ ቤቷ ባለቤት አቀበለቻት። ውሳኔው ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈርሞበታል። «ያለ ወረቀቱ እንደገና ተለክቷል። የአመልካቿ አቤቱታ ትክክል ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው። በዝቅተኛው ታሪፍ ይስተናገድ» ይላል። ሴትዮዋ አንዴ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ጠዋት የተናገረችው ቃል ትዝ ብሏት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የሟቹ ሚስት ግን አላለቀሰችም። የወንድሟን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች።

«ስትለምነው ምን አለህ?»

«እትዬ፣ ተይኝ...»

«ምን አለህ?»

«‹እስከ ምሳ ሰዓት አልጽፈውም። ሄደህ ራስህ ተናገር። ለእህትህም አንተው ንገራት፤ እኔ አልችልም› አለኝ።»

ፖሊሱ ተመልሶ ካቴናውን አወጣ። ሰውየው እጆቹን እየዘረጋ ወደ እህቱ ዞሮ ሲጠብቅ፣ እሷ ተነሳች፤ የተጣጠፈውን የሸሚዙን ኮሌታ እንደ ልጅነቱ አስተካከለችለት።

«እስር ቤቱ ይበርዳል ይላሉ» አለችው። «ወፍራሙን ሹራብህን እልክልሃለሁ። እኔ ግን አልመጣም።»

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ ባሏ የት እንዳለ ጠየቀች።